አባ ፖስታ አራተኛውን ድምፅ ፍለጋ ስለ ዘመቱት ዘመቻ

ጡረታ በወጡ በስድስተኛው ዓመት፣ የቀኝ ጉልበታቸው በብረት በተለወጠ በሦስተኛው፣ ባለቤታቸው ምድር ቤቱ ይጠረግ ብለው ባወጁና ምድር ቤቱ ባልተጠረገ በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ በወርኃ መጋቢት፣ በዲትሮይት ከተማ፣ ከሊቨርኖይስ ጎዳና በስተምዕራብ፣ ክቡር ወልዑል ክሊዮፈስ ታርቨር፣ በፈረስ ስማቸው አባ ፖስታ፣ ሠላሳ አራት ዓመት በረዶና ውሻ ሳይበግራቸው ደብዳቤ ያደረሱ፣ መዝጋቤ ሸክላ፣ ዐቃቤ ዜማ ዘተረስዐ፣ ለመጨረሻው ዘመቻ ተነሡ።

የዘመቻውም ምክንያት እንዲህ ነበረ። ከሃምሳ ሰባት ዓመት በፊት በዚያችው ከተማ ላርክሞንትስ የተባሉ አራት ወጣቶች ተሰብስበው አንድ የሶል ሙዚቃ ሸክላ፣ አንዲት ብቻ፣ አስቀርጸው እንደ ጉም በነኑ። የሸክላይቱ ፊት ለዳንኪራ የሚሆን ተራ ዘፈን ሲሆን ጀርባዋ ግን «ሰኞ ብትመጪ ይሻለኛል» የሚል ዘፈን ነበረባት፤ በፍጻሜውም ላይ ሦስቱ ድምፆች ወደ ታች ሲወርዱ አራተኛው ቀጭን ድምፅ ብቻውን ወደ ላይ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ሰሚውም ትንፋሹን ይዞ ይቀራል። የዚያ ዘመን ወንዶች በቀጭን ድምፅ ማዜምን እንደ ጌጥ ያዩት ነበርና፣ አባ ፖስታ አራተኛውን ከወንድ ቆጥረው አሥራ አንድ ዓመት ሲፈልጉት ኖሩ። ከአራቱ ሁለቱ አርፈዋል፤ ስማቸውም ታውቋል። ሦስተኛው ዲያቆን ሌሙኤል ኦትስ በሕይወት አሉ። የአራተኛው ስም ግን በሸክላይቱም ላይ፣ በጋዜጣም ላይ፣ በሰውም አፍ አልተገኘም።

በዚያም ሰሞን ከባሕር ማዶ፣ ከእንግሊዝ አገር፣ የቆዩ ሸክላዎችን ዳግም የሚያሳትም አንድ ቤት ለአባ ፖስታ መልእክት ላከ፤ የላርክሞንትስን ሸክላ የዘፋኞቹን ስም በሽፋኑ ላይ ጽፎ ሊያወጣ መሆኑን፣ የአራተኛው ስም እስከ ዓርብ እኩለ ቀን ካልደረሰው ግን በቦታው «ያልታወቀ» ብሎ እንደሚያትም አስታወቀ። ይህች ቃል አባ ፖስታን አንገበገበቻቸው። በሠላሳ አራት ዓመት አገልግሎታቸው አንዲት ደብዳቤ እንኳ፣ ሦስት ጎረቤት አንኳኩተው ሳይጠይቁ፣ «ተቀባዩ ያልታወቀ» ብለው መልሰው አያውቁምና።

ዲያቆን ሌሙኤልም በተጠየቁ ቁጥር በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ይህንኑ አዋጅ ያስነግሩ ነበር፦

«ወንድም ታርቨር፣ ከእኔ የምታገኘው አንድ ቃል ነው፤ ኮክ። የቅጽል ስም ነው። ሌላው መሐላ አለበት። ብትለምነኝም፣ ዓሣ ጠብሰህ ብታመጣልኝም ያው ነው። ዓሣውን ግን አምጣው።»

በዚያ አገር ሰው በመዝገብ ስሙ አይታወቅም። አንዱ ድንች፣ አንዱ ቄሱ፣ አንዱ ረጅሜ ሲባል ይኖርና የመዝገብ ስሙና የሰፈር ስሙ የሚገናኙት በሞተ ጊዜ፣ የሕይወት ታሪኩ በሚታተምበት የቀብር ወረቀት ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ አባ ፖስታ ሥልታቸውን በሙታን ላይ መሠረቱ። ከየምድር ቤቱና ከየመሳቢያው አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ የቀብር ወረቀት ሰበሰቡ። አልበቃ ቢላቸው በየቅዳሜው ከሰባ ዓመት በላይ የሆነው ሟች ወደሚቀበርበት ቤተ ክርስቲያን ይዘምቱ ጀመር፤ ከኋላ ወንበር ይሰፍራሉ፣ በልኩ ያለቅሳሉ፣ ከዚያም ለእዝኑ ማዕድ ከለቀስተኛው ጋር ወደ ምድር ቤት ወርደው፣ ሟቹ በወጣትነታቸው ያዜሙ እንደ ነበር በጨዋ ደንብ ያጣራሉ።

በጥር ሦስተኛ ቅዳሜ በደብረ ታቦር ቤተ ክርስቲያን ሰፈሩ፤ ዶሮ በሉ፤ ሟቹ ከበሮ መቺ ሆነው ተገኙ። ከዚያም ተነሥተው በአዲሱ ቀራንዮ ሰፈሩ፤ ዶሮ በሉ፤ ሟቹ ኮክ ይባሉ የነበረው ስለሚዘፍኑ ሳይሆን የፍራፍሬ ጋሪ ስለ ነበራቸው ነው። ከዚያም ተነሥተው በጽዮን በር ሰፈሩ፤ በዚያ ዶሮው አልቆ ነበርና ሳይቀመጡ ተመለሱ።

ከሠራዊታቸውም ቀዳሚው ፊታውራሪ አልፎንዞ ቢግስ ነበሩ፤ በሙያቸው ፀጉር አስተካካይ፣ ሁልጊዜም ከፊት ሆነው የሚነዱ፣ የቡናማዪቱ ቢዩክ ጌታ። የዚህች መኪና የቀኝ በር ከውጭ ካልሆነ አይከፈትምና፣ አባ ፖስታ በደረሱበት ሁሉ ፊታውራሪው ዞረው በሩን ይከፍቱላቸው ነበር፤ የማያውቃቸውም ሰው ታላቅ ሹም መጣ ብሎ ከወንበሩ ይነሣ ነበር። ከቤት የቀሩት ባለቤታቸው እቴጌ ኧርነስቲን ግን ዘመቻውን አልባረኩትም፤ ከማዕድ ቤትም ሆነው እንዲህ አስነገሩ፦

«ስማ ክሊዮ፣ አልፎንዞም አብረህ ስማ። የማታውቀው ሰው ቀብር ሄደህ ከልጆቹ በላይ ታለቅሳለህ። ትናንት አንዷ መበለት ደውላ ‹ያ የባሌ የልብ ጓደኛ ሐዘኑ ቀለል አለው ወይ?› ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? ዶሮሽ ጥሞታል ልበላት?»

ከሁሉ የከፋው ግንባር ግን የቢታንያ ቤተ ክርስቲያን ማዕድ ቤት ነበር። በዚያ እማማ ኦዴሳ ፕሩይት፣ የሰባ አራት ዓመት እመቤት፣ ነጭ ጓንት አጥልቀው፣ ጭልፋ ጨብጠው፣ በእዝን ማዕድ ላይ ነግሠው ይኖሩ ነበር። አባ ፖስታን በሰልፉ ውስጥ ባዩ ቁጥር ጭልፋቸውን ከፍ አድርገው ያውጁ ነበር፦

«ለቀስተኛ ይብላ። ዘመድ ይድገም። ወንድም ታርቨር ግን ዘንድሮ የሞተበት ዘመድ ብዛት ልክ አልፏል፤ አንድ ሳህን ይበቃዋል። መኮሮኒውንም አታብዙለት።»

እንዲህ እያለ እስከ ዓርብ ሦስት ቀን ቀረ። ማክሰኞ ረፋድ ላይ የቢታንያ ጸሐፊ ቁም ሣጥን ሲያጸዱ ያገኙትን የተራረፈ የቀብር ወረቀት በካርቶን ሙሉ ለአባ ፖስታ ሰጧቸው። ከካርቶኑም ሥር ያልታሸገ ፖስታ ተገኘ፤ በውስጡም በእጅ የተጻፈ፣ ቀጥ ባለ ፊደል የተዘረጋ የሕይወት ታሪክ ነበረ። እንዲህም ይል ነበር፦

«ኦዴሳ ሜ ፕሩይት የሰባኪ ሆሴዕ ፕሩይት ልጅ ነበረች። አምሳ ዓመት የቢታንያን ማዕድ አስተዳደረች። በአሥራ ሰባት ዓመቷ፣ የልጆቹ ቀጭን ድምፅ ወታደር ተመልምሎ ስለ ሄደ፣ በእሱ ፋንታ ከላርክሞንትስ ጋር አንድ ሸክላ ዘፈነች፤ ኮክ ይሏት ነበር። አባባ ዘፈን የሰይጣን ነው ይል ስለ ነበር ስሜ እንዳይጻፍ እኔው ራሴ አስምዬአቸዋለሁ። ይህ የሚነበበው እኔም ከሄድኩ በኋላ ነው። ያረፈችበት ቀን፦»

ከዚያ በኋላ ባዶ ቦታ ነበር።

በዚያ አገር ያሉ አሮጊቶች፣ ልጅና ዘመድ እንዳያበላሽባቸው፣ የሕይወት ታሪካቸውን በቁማቸው ጽፈው በቤተ ክርስቲያኑ ቁም ሣጥን የማኖር ልማድ አላቸው። ይህን ልማድ አባ ፖስታ አሳምረው ያውቁታል፤ የገዛ እናታቸውም እንዲሁ አድርገው ነበር። ነገር ግን ኮክ የምትለዋን ቃል ባዩ ጊዜ ልቡናቸው ተሰወረ። ቀኑ ያልተሞላው እማማ ኦዴሳ ገና ስላረፉና የሚሞላው ሰው ስላልተገኘ ነው ብለው ደመደሙ። ከደስታቸውም ብዛት የብረት ጉልበታቸውን ረስተው ከሳሎን እስከ ጓዳ ጨፈሩ፤ መብራቱን በራሳቸው መቱ፤ የጎረቤት ውሻ ጮኸ። ከዚያ በደረጃው ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ያቺ መኮሮኒ የነፈገቻቸው ሴት አራተኛው ድምፅ ነበረች፤ አሁን ደግሞ የለችም። በአሥራ አንድ ዓመት ዘመቻ ከልክ በላይ ያለቀሱት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሐሙስ ረፋድ ሠራዊቱ ተንቀሳቀሰ። አባ ፖስታ ጥቁር ሱፍ ለብሰው፣ የእማማ ኦዴሳ ስም በሪባን ላይ የተጻፈበት የአበባ ጉንጉን ታቅፈው፣ ፊታውራሪ አልፎንዞ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው በአንድ እጅ እየነዱ፣ እቴጌ ኧርነስቲንም የቅቤ ኬክ በጭናቸው ይዘው ዘመቱ፤ እቴጌይቱ ለባላቸው፣ አንተን በአንድ ሳህን የመለሰች ሴት ካለሁበት ተነሥቼ ልሸኛት ይገባል ብለው ነበርና። በቢታንያም ደርሰው የምድር ቤቱን በር አንኳኩ።

በሩን የከፈቱት እማማ ኦዴሳ ነበሩ። ነጭ ጓንታቸውን አጥልቀው፣ ጎመን የሚያማስሉበትን ጭልፋ እንደ ያዙ ቆሙ። ፊታውራሪው ወደ መኪናቸው ሸሹ። እቴጌይቱ ኬኩን አጥብቀው ያዙ። አባ ፖስታም ጉንጉኑን ከኋላቸው ለመደበቅ ሞከሩ፤ ጉንጉኑ ግን ከእሳቸው ይሰፋ ነበር። እመቤቲቱ ሪባኑን አንብበው እንዲህ አወጁ፦

«ማን ሞተ? እኔ ነኝ? ቆይ፣ ስሜ እኮ ነው። ወንድም ታርቨር፣ የሰው እዝን ጨርሰህ የእኔን ልትበላ መጣህ? ኧርነስቲን፣ አንቺስ እሺ አልሽው? ኬኩን ግን እዚያ ጠረጴዛው ላይ አድርጊው።»

አባ ፖስታ ፖስታውን ከኪሳቸው አወጡ። እመቤቲቱ የገዛ ጽሕፈታቸውን ባዩ ጊዜ ቁጣቸው ጠፋና ፊታቸው የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ፊት ሆነ፤ ፈሩ። ስሙ በአባ ፖስታ እጅ ነበረ፤ ጊዜውም ነበረ፤ አንዲት አጭር መልእክት ብቻ ትበቃ ነበር። እሳቸው ግን በብረት ጉልበታቸው ተንበርክከው፣ እንዴት እንደሚነሡም ሳያስቡ፣ ይህን አስነገሩ፦

«እማማ፣ ለእኔ ያልተላከ ፖስታ ከፈትኩ። ሠላሳ አራት ዓመት ስሠራ አንድ ቀን አላደረግሁትም። ይኸው ይውሰዱት። እርስዎ ካላሉኝ ስምዎ ከአፌ አይወጣም። ነገ ‹ያልታወቀ› ብለው ያትሙት ይሆናል። ያትሙት። ግን እዚያች መጨረሻ ላይ ወደ ላይ ሲወጡ፣ እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አብሬዎት ወጥቻለሁ። ይኼን እንዲያውቁልኝ ብቻ ነው።»

እመቤቲቱ ፖስታውን ተቀብለው አገላበጡት፤ ጎመኑም ከሥሩ ያዘ። ከዚያም እንዲህ ሲሉ ለተሰበሰቡት አሰሙ፦

«አባባ ከሞተ ሠላሳ ዓመት አለፈው። እኔ ዛሬም ሬዲዮ ስከፍት ድምፁን ቀንሼ ነው። ያቺን ሸክላ አንድ ቀን ሰምቻት አላውቅም። ዘፍኜ ወጣሁ፣ በቃ። ቤት ባስገባት የት አደርጋት ነበር?»

ይህ በተሰማ ጊዜ፣ ከመኪናቸው ተመልሰው በበሩ ሲያደምጡ የነበሩት ፊታውራሪ አልፎንዞ እንደገና ወደ ቢዩኳ ሮጡ፤ በመታጠቢያ ፎጣ የተጠቀለለችውን ሸክላና ሻንጣ የሚያህለውን ማጫወቻ ይዘው ተመለሱ። በድስቶቹ መካከል ቦታ ተደለደለ፤ መርፌውም ወረደ። ሦስቱ ድምፆች ወረዱ፤ አራተኛው ወጣ። እማማ ኦዴሳ እጃቸው በቧንቧው ላይ እንዳለ ቆመው ሰሙ። በእጃቸው ምልክት ሰጡ፤ ዳግም ተጫወተ። አሁንም ምልክት ሰጡ፤ ሦስተኛ ተጫወተ። ከዚያ ጓንታቸውን አውልቀው ዐይናቸውን ጠርገው አወጁ፦

«ሁለተኛው ስንኝ ላይ ቀድሜ ገብቻለሁ። ሰማችሁ? ቀድሜ ገብቻለሁ። ሃምሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ያቺን ስፈራ ነበር፣ ሁሉን አበላሽቼባቸው ይሆን እያልኩ። አላበላሸሁም። ያምራል እኮ። አያምርም? በል ጻፍ። ኦዴሳ ሜ ፕሩይት። የሰባኪ ሆሴዕ ፕሩይት ልጅ። የአባባን ስም እንዳትዘል፤ እሱም ይስማ።»

አባ ፖስታን ከወለሉ ለማንሣት ሁለት ሰው አስፈለገ። በዚያው ሐሙስ፣ ጎመኑ ሳይወጣ፣ ስሙ ባሕሩን ተሻገረ። ዲያቆን ሌሙኤልም ከመሐላቸው በስልክ ተፈቱ፤ የድሮውን ወፍራም ድምፅ ከታች ጀመሩ፣ እመቤቲቱም ከላይ ተቀበሏቸው፣ ማዕድ ቤቱም በሳቅና በዕንባ ተናወጠ።

እንግዲህ የዜና መዋዕል ሥርዓት ጀግናውን በውዳሴ መፈጸም ነው። ይህም ጸሐፊ ለአባ ፖስታ አርባ ውዳሴ አዘጋጅቶ ነበር፤ አንበሳ ዘምድር ቤት፣ ቀታሌ ዝንጋዔ፣ ፀሐይ ዘሊቨርኖይስ፣ ሌላም ብዙ። ነገር ግን እሳቸው በመኪናዪቱ ውስጥ በሩ እስኪከፈትላቸው ተቀምጠው ሳለ መስኮቱን ዝቅ አድርገው አንድ አዋጅ አስነገሩ፦

«የእኔን ተወው። የሷን ሁለቴ ጻፈው።»

ጸሐፊውም ትእዛዙን ፈጸመ፤ ብዕሩንም በዚህ አኖረ።

ኦዴሳ ሜ ፕሩይት፣ የሰባኪ ሆሴዕ ፕሩይት ልጅ።

ኦዴሳ ሜ ፕሩይት፣ የሰባኪ ሆሴዕ ፕሩይት ልጅ።