የመልክ ዳኛዋና ስድስተኛዋ ጣት

አክስቴ የአራስ ሕፃኗን ብርድ ልብስ ገለጡ። የወንድሜ ሚስት ገና ከሆስፒታል አልጋዋ ቀና አላለችም።

በየቤተሰቡ አንድ የመልክ ዳኛ አይጠፋም። የእኛዋ ክብርት አክስቴ ናቸው። ልጅ ተወለደ ሲባል ጫማቸውን በቅጡ ሳያጠልቁ ይደርሳሉ፤ ጆሮ ያገላብጣሉ፣ ግንባር በጣታቸው ይለካሉ፣ ይፈርዳሉ። "አፍንጫው የአባቴ፣ ቁጣው የእናቱ። ዘር ከልጓም ይስባል!" ይግባኝ የለም። አንድ ጊዜ የሌላ ሰው ሕፃን አንስተው "ቁርጥ የእኛ!" እያሉ ሩብ ሰዓት አስረዱን። ነርሷ መጥታ ስትወስድባቸው፣ "ቢሆንም ይመስላል" አሉ።

የወንድሜ ልጅ በተወለደች ቀን ግን እጃቸው የሕፃኗ ግራ እጅ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከቀለበት ጣቷ ወዲያ፣ ከትንሿም ወዲያ፣ አንዲት ቅንጣቢ ጣት ነበረች። ስድስተኛ። አክስቴ ልጅቷን አንስተው አቀፏት።

"በእኛ ዘር ስድስት ጣት የለም" አለ ወንድሜ፣ ሚስቱን እያየ።

"በእኛም የለም። ምን ልትል ነው?"

"ምንም አላልኩም።"

ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ይመላለስ ጀመር። ልጅቷን አላቀፋትም።

ሐኪሟ ገብታ ጣቷን ዳሰሰች። "አያሰጋም። በዘር የሚመጣ ነው።"

"ከማን ዘር?"

"ከወላጅ የወረስነው ጂኖታይፕ ይባላል፤ በዓይን የሚታየው ደግሞ ፊኖታይፕ። ሁለቱ ሁልጊዜ አይገጥሙም። ጂኑን ተሸክሞ አምስት ጣት ብቻ የሚያበቅል ሰው አለ። ጣት በመቁጠር አይታወቅም።"

"እኔ የማምነው በዓይኔ ያየሁትን ነው፣ ዶክተር።"

"በዓይንህ ካልክማ እንካ እይ!" አክስቴ ግራ እጃቸውን አፍንጫው ሥር ዘረጉለት። ከትንሿ ጣት ጎን ምስር የምታክል ጠባሳ ነበረች። "ስወለድ ስድስት ነበረኝ። እናቴ በክር ቋጥራ አስወደቀችው። ባሌ እንኳ ሳያውቅ ሞተ። አባትህ ወንድሜ ነው፤ ሳይታይበት ይዞት ኖሮ ላንተ ሰጠ፣ አንተም ሳይታይብህ ለልጅህ። ከጎረቤት አልመጣም፣ አንተ ነፈዝ! በል ተቀበለኝ፣ እጄ ዛለ።"

ተቀበላቸው።

የስንቱን ጆሮና አፍንጫ ሲያገላብጡ ኖረው፣ የእሳቸውን እጅ አገላብጦ ያየ ሰው አልነበረም። ሠላሳ ዓመት ሳሾፍባቸው የኖርኩት እኔ ወንበሬን ለቀቅኩላቸው።

የወንድሜ ሚስት ባሏን ለሁለት ወር አላናገረችውም። ለአክስቴ ግን በየቀኑ ትደውል ነበር።