የአሸንዳው ቪዲዮ ኮምፒውተር

ጳጉሜን 2 ቀን 2010 ዓ.ም. ከቀኑ 9፡20፣ መቐለ ቀዳማይ ወያነ ክፍለ ከተማ፣ በሰፈራችን የፎቶና ቪዲዮ ክበብ ክፍል የግዢ ኮሚቴው ተሰብስቧል። ከአራቱ አባላት ሦስቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

የተገኙ፦ አቶ ገብረተንሳኤ (ሊቀመንበር)፣ ወ/ሮ ለተገብርኤል (አባል)፣ አቶ ጃፋር (አባል፣ ጨርቅ ነጋዴ)፣ ረምላ ሐቢብ (ድምፅ የሌላት ፀሐፊና የክበቡ ቪዲዮ አቀናባሪ)።

ያልተገኙ፦ አቶ ኣረፋይነ። ኮምፒውተር አውቃለሁ ያሉት እርሳቸው ነበሩ።

አጀንዳ 1፦ የግዢው ምክንያት
አሮጌው ኮምፒውተር የአሸንዳውን ቪዲዮ አራተኛው ደቂቃ ላይ እያቆመ አስቸግሯል። የሰፈሩ ልጃገረዶች ለአዲስ ዓመት ራሳቸውን ለማየት እየጠበቁ ነው። ፀሐፊዋን በየመንገዱ ይጠይቋታል። ስለዚህ ዛሬውኑ እንዲመረጥ ስምምነት ተደርሷል።

አጀንዳ 2፦ ምርጫ
ወ/ሮ ለተገብርኤል ኮምፒውተር ማለት የሚታየው ስለሆነ ሰፊ ስክሪን እንዲገዛ፣ ሲፒዩው ግን ጠረጴዛ ሥር ጨርቅ ለብሶ ስለሚቀመጥ ደከም ያለ ቢሆን ማንም እንደማያውቅ አስረድተዋል። አቶ ጃፋር የጨርቁን ወጪ ችለዋል። በጨርቁ ቀለም ላይ ሃያ አምስት ደቂቃ ውይይት ተደርጎ አረንጓዴ እንዲሆን ተወስኗል።

ሊቀመንበሩ ከኮምፒውተር ሱቅ የመጣውን የዋጋ ወረቀት ሲያነቡ፣ ባለ ሰፊ ስክሪኑ ሚሞሪው ሁለት ጊጋ ብቻ እንደሆነ፣ ለቪዲዮ ግን ስምንት እንደሚያስፈልግ ተደርሶበታል። አቶ ጃፋር «ለዚህ ነው እንዴ የምንጨቃጨቀው?» ብለው ከስልካቸው ሚሞሪ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ስምንት ጊጋ ነው፤ መንዙማ ተሞልቶበታል። ወ/ሮ ለተገብርኤል መንዙማው ከአሸንዳው ዘፈን ጋር እንዳይቀላቀል ስጋታቸውን ገልጸዋል። አቶ ጃፋርም መንዙማው ወዶ ወደ ዘፈኑ እንደማይሄድ መልሰዋል። ብዙ ከተባለ በኋላ ስጦታው በምስጋና ተቀባይነት አግኝቶ ባለ ሰፊ ስክሪኑ እንዲገዛ ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ
ፀሐፊዋ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ የስልክ ሚሞሪ ዘፈን ማስቀመጫ እንጂ የኮምፒውተሩን አቅም እንደማይጨምር፣ ይኸኛው ከተገዛ ቪዲዮው ያው አራተኛው ደቂቃ ላይ እንደሚቆም ተናገረች።

ሊቀመንበሩ «ጓለይ፣ ልጄ፣ እስካሁን ምን ስትሠሪ ነበር?» ብለው ጠየቁ።

«ስጽፍ ነበር፣ አያ ገብረተንሳኤ።»

ስብሰባው ከቀኑ 11፡45 ሲበተን ስክሪኑን፣ ጨርቁንና ሚሞሪውን በሚመለከት የተወሰነው ሁሉ ተሽሮ፣ ነገ ረምላ ብቻዋን ሓወልቲ ወዳለው ሱቅ ሄዳ፣ ስክሪኑ ቢጠብም ስምንት ጊጋ ያለውን መርጣ እንድታመጣ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ኮሚቴው ይህን ከመጀመሪያውም ያውቅ እንደነበር እንዲመዘገብ ሊቀመንበሩ አዘዋል።

ተመዝግቧል።