«እዚህ ጋ ነበር» ባዩ ባሌ

«እዚህ ጋ እኮ ነበር» የሚሉ ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔ አንዱን አግብቼዋለሁ። እሁድ ከቡታጅራ ተነስተን ጫጉላችንን ወዳሳለፍንባት የሐይቅ ዳር ከተማ ወሰደኝ። ያኔ ያረፍንበት ሆቴል ወንበሮች ዛሬም ወደ ሐይቁ ዞረው ተቀምጠዋል፤ ሐይቁ ግን ሸሽቶ ጭቃ ብቻ ቀርቷል። ወፍ እንኳ አይጮህም። ባሌ «የዋኘነው እዚህ ጋ ነበር!» እያለ ጭቃው ውስጥ ገባ።

«ኧረ ተመለስ፣ የልጆቼ አባት!»

«አይዞሽ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ!»

ዞር ስል የሆቴሉ ግንብ ላይ ጭቃ የደረቀባቸው የወንድ ጫማዎች ተደርድረዋል። የሆቴሉን ሽማግሌ ዘበኛ ጠየቅኳቸው።

«የማን ናቸው፣ አባባ?»

«ውሃውን ፍለጋ የገቡ ሰዎች ጫማ ነው።»

«ሰዎቹስ?»

ባሌን በዓይናቸው እየተከተሉ፣ «የባልሽ ጫማ ቁጥር ስንት ነው፣ ልጄ?» አሉኝ።

ሮጥኩ። ጉልበቱ ድረስ ሰምጦ ደረስኩበት፤ ቀበቶውን በሁለት እጄ ይዤ እስከ መኪናው አልለቀቅኩትም።