ክቡር አቶ ይታጠብ

በየመሥሪያ ቤቱ ደስታ ሲሸተው ከተፍ የሚል አንድ ደስታ ገዳይ አይጠፋም። በዚህ ቤተ ሙከራ ሹመቱ የክቡር አቶ ይታጠብ ነው። ስሙን ያወጣችላቸው ጎናቸው ተቀምጣ አሳሯን ያየችው ተመራማሪ ናት።

የቤተ ሙከራው ሥራ ሞለኪውል ማጥመድ ነው። አውራ ጣት በምታህል መስታወት ውስጥ ከፀጉር የቀጠኑ ቦዮች አሉ። ኩላሊት መታመም ሲጀምር በደም ውስጥ ብቅ የሚል ፕሮቲን ቦዩ ውስጥ ይለጠፍና የሚያበራ ቀለም የተቀቡ አእላፍ ሞለኪውሎች ይለቀቁበታል። ፕሮቲኑን ጨምድዶ የያዘው ቀርቶ በማይክሮስኮፕ ሲያበራ ይታያል፤ ሌላው ተጠራርጎ ይወጣል። የሚይዝ ከተገኘ በሽታውን ቀድሞ የሚያውቅ ምርመራ ይሠራበታል።

ቦዩ ሲያበራ ጤነኛ ሰው እልል ይላል። ክቡርነታቸው ግን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ “እስቲ ይታጠብ” ይላሉ። ይታጠባል። አሁንም ያበራል።

“ፕሮቲኑን ሳይሆን የቦዩን ግድግዳ ይዞ ቢሆንስ? ፕሮቲን በሌለበት ባዶ ቦይ ሞክሪው።”

ባዶውም ያበራል። የስንት ጊዜ ልፋት ገደል ይገባል፤ እሳቸው ሻያቸውን ይጠጣሉ።

ከሥራ ውጭም ያው ናቸው። አንዲት ባልደረባ የቃል ኪዳን ቀለበቷን ብታሳያቸው፣ ሲታጠብ አይለቅም ወይ ብለው ጠየቁ። ሊፍቱ ተጠገነ ሲባል፣ ሌላው ሰው ወጥቶ ወርዶ እስኪያረጋግጥላቸው በደረጃ ተጓዙ።

ዘንድሮ ነገሩ ከረረ። እስከ ዓርብ የሚይዝ ሞለኪውል ካልተገኘ ቡድኑ ይበተናል ተባለ። ሐሙስ ዕለት፣ ክቡርነታቸው ፈቃድ ላይ ሳሉ፣ የተመራማሪዋ ቦይ ቦግ አለ። አጠበችው፤ አልጠፋም። ባዶውን ሞከረች፤ ጨለማ ነው። ጓደኞቿ አቀፏት። አለቃዋም “እንኳን ደስ ያለሽ፣ ነገ ታቀርቢዋለሽ” አላት። ሰውየው ባለመኖራቸው ተመስገን ማለት ነበረባት።

ደስታው ግን አልዋጥ አላት። እነዚህ ሰዎች ባለፈው ግድግዳ ለያዘውም አጨብጭበዋል። የማንም ሙገሳ ጠብ አልል ቢላት ስልኳን አነሳች።

“ጋሼ፣ ይምጡልኝ።”

“ፈቃድ ላይ ነኝ እኮ፣ ልጄ።”

“አውቃለሁ። ይምጡና ያበላሹልኝ።”

በነጠላ ጫማ መጡ። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡ አጠቡ፤ በሌላ መስታወት አስደገሟት፤ በደንብ ያልያዘውን የሚያስለቅቅ ጨው ጨመሩበት፤ እንደገና አጠቡ። ከማይክሮስኮፑ ቀና ሲሉ ፊታቸው ለቅሶ የዋለ ሰው ይመስል ነበር።

“ይዟል” አሉ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ መልሰው ሰቅለውም፣ “ለዛሬ።”

ተመራማሪዋ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ እንባዋ ቀደማት። ደስ ያላት ገና ያን ጊዜ ነው።