ስለ አበረታች ቅመም የተጠራ አስቸኳይ ስብሰባ

የቀይ አፈር ኮሌጅ የስፖርት ኮሚቴ
ወላይታ ሶዶ

ሐሙስ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም ከሰዓት በኋላ፣ የስብሰባ አዳራሹ ለፈተና እርማት በመያዙ፣ ስብሰባው በስፖርት ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ኳሶቹ ወደ ጥግ ተገፍተው ተጀመረ።

የተገኙ፦
አቶ ይድነቃቸው፣ የኮሌጁ ዲን፣ ሰብሳቢ
ወ/ሮ ዓመለወርቅ፣ የግዥና የተማሪዎች ምግብ ቤት ኃላፊ፣ አባል
ሲስተር ሳቢራ፣ የክሊኒኩ ነርስ፣ አባል
አቶ ዳልጮ፣ የአትሌቲክስ አሰልጣኝ፣ አባል
ትህትና፣ ከዲኑ ቢሮ፣ ጸሐፊ

ያልተገኙ፦
መምህር ፋኑኤል፣ አባል

ምልዓተ ጉባኤው እንዲሞላ አንድ ሰው ጎደለ። መምህር ፋኑኤል በስልክ ሲጠየቁ አረካ መናኸሪያ ሚኒባስ ውስጥ መቀመጣቸውንና መኪናው ገና እየሞላ መሆኑን አስረዱ። ሰብሳቢው ሚኒባሱ ሲሞላ ምልዓተ ጉባኤውም እንደሞላ እንዲቆጠር ሐሳብ አቅርበው ተቀባይነት አገኘ። ከጥቂት ቆይታ በኋላ መምህሩ ደውለው "ሞልቷል" ስላሉ ወደ አጀንዳ ተገባ።

አጀንዳ አንድ፦ የደረሰውን ማሳሰቢያ ስለመመልከት

ሰብሳቢው በመጪው ሳምንት አርባ ምንጭ ላይ በሚካሄደው የኮሌጆች ውድድር መርማሪዎች እንደሚገኙ፣ ከአሸናፊዎች ሽንት እንደሚወስዱና የተከለከለ አበረታች ቅመም የተገኘበት አትሌት ለዓመታት እንደሚታገድ ገለጹ።

ወ/ሮ ዓመለወርቅ ነገሩ ቅመም ከሆነ በቀጥታ የሚመለከተው ምግብ ቤቱን መሆኑን ጠቅሰው፣ ማንም ሳያማክራቸው በቅመማቸው ላይ ማሳሰቢያ መጻፉ እንዳሳዘናቸው ተናገሩ። አያይዘውም የምግብ ቤቱ የሚያቃጥል የቃሪያ ዳጣ ያበረታታል ወይስ አያበረታታም የሚለው በግልጽ እንዲወሰንላቸው ጠየቁ። ሰብሳቢው እሳቸውን በበኩላቸው በጣም እንደሚያበረታታቸው ከራሳቸው ልምድ በመነሳት መሰከሩ።

ሲስተር ሳቢራ የተባለው ቅመም ሚጥሚጣና ኮረሪማ ሳይሆን ጡንቻ የሚያፈረጥም፣ ድካም የሚያስረሳ መድኃኒት መሆኑን አስረዱ። ወ/ሮ ዓመለወርቅ "ታዲያ ለምን ቅመም ይሉታል?" ብለው ጠየቁ። ሲስተር ሳቢራ ስሙን ያወጡት እሳቸው አለመሆናቸውን መለሱ። ወ/ሮ ዓመለወርቅ ይህ መልስ ሊባል እንደማይችል፣ ሲስተር ሳቢራም ጥያቄውም ጥያቄ ሊባል እንደማይችል ተነጋገሩ።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ለጥንቃቄ ሲባል እስከ ውድድሩ ድረስ የተማሪዎች ምግብ ያለ ዳጣ፣ ያለ ዝንጅብልና ያለ ኮረሪማ እንዲቀርብ ተወሰነ። ጨው በጥናት እስኪረጋገጥ ድረስ በከፊል ተፈቅዷል።

አጀንዳ ሁለት፦ አሰልጣኙ ያነሱት ጉዳይ

እስከዚህ ድረስ አንድም ቃል ያልተናገሩት አሰልጣኝ ዳልጮ እጃቸውን አወጡ። ክረምቱ ካለቀ ጀምሮ ለሯጯ ተማሪ ለፈጠነች የሚጠጣ ዱቄት ሲሰጧት መቆየታቸውን ተናገሩ። ዱቄቱን አዲስ አበባ ያለ አንድ የድሮ ጓደኛቸው "ጉልበት ይሰጣል፣ ሌሎቹ ሁሉ የሚጠጡት ይህንን ነው" ብሎ እንደሰጣቸውና ለመጥፎ አስበው እንዳላደረጉት ገለጹ። ማሳሰቢያው ከመጣ ወዲህ ግን እንቅልፍ አልወሰዳቸውም።

ፈጠነች የሁለተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ናት። ባለፈው ወር አረካ ላይ አምስት ሺህ ሜትር ያሸነፈችው እሷ ናት። አርባ ምንጭ ላይ ከደገመችው አንድ የአዲስ አበባ ክለብ ሊወስዳት ቃል ገብቷል። ከታገደች ግን ነገሩ ሁሉ እዚያው ያበቃል።

ሲስተር ሳቢራ ዱቄቱን እንዲያዩት ጠይቀው፣ የጣሳውን ጽሑፍ ካነበቡ በኋላ ሙያውን ለሚያውቅ ሰው ስልክ ለመደወል ወጡ። ሲመለሱ "የተከለከለ ነው። በደንብ አድርጎ የተከለከለ ነው" አሉ። አሰልጣኙ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

ከዚህ በኋላ የሚከተሉት የመፍትሔ ሐሳቦች ቀረቡ።

ወ/ሮ ዓመለወርቅ በልጅቷ ሽንት ምትክ የእሳቸው ሽንት እንዲሰጥ፣ ለኮሌጁ ሲሉ ይህን መስዋዕትነት ለመክፈል ዝግጁ መሆናቸውን አስታወቁ። ሲስተር ሳቢራ መርማሪዎቹ አትሌቷ ስትሸና ቆመው እንደሚያዩ፣ ደግሞም ወ/ሮ ዓመለወርቅ የደም ግፊት ክኒን ስለሚወስዱ ምስጢሩ ወዲያው እንደሚወጣ አስረዱ። ወ/ሮ ዓመለወርቅ የደም ግፊታቸው ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝ ጠየቁ፤ ጥያቄያቸው ተቀባይነት አገኘ።

ሰብሳቢው ልጅቷ ከውድድሩ በክብር እንድትቀር እግሯ ተጎዳ ተብሎ የሕክምና ማስረጃ እንዲጻፍላት ሐሳብ አቀረቡ። የትኛው እግር ይሁን በሚለው ላይ ሰፊ ክርክር ተደረገ። ወ/ሮ ዓመለወርቅ ግራው ቢሆን ይሻላል አሉ። ሰብሳቢው ቀኙ ይበልጥ እንደሚታመን ገለጹ። ከረጅም ውይይት በኋላ የፈጠነች ቀኝ እግር ከሰኞ ጀምሮ ወለም እንዲለው፣ አሰልጣኝ ዳልጮም ከሥራ እንዲታገዱ በድምፅ ብልጫ ተወሰነ። አሰልጣኙ መታገዳቸውን ራሳቸውም ደግፈው ድምፅ ሰጥተዋል።

ሲስተር ሳቢራ ደህናውን እግር ታመመ ብለው እንደማይፈርሙ ተናገሩ። ሰብሳቢው ውሳኔው የጉባኤ መሆኑን ሲያስታውሷቸው "ጉባኤ እግር አይሰብርም" አሉ። ቀጥለውም፣ "ይህን ሁሉ ስናወራ ልጅቷን የጠየቃት ሰው አለ?" ብለው ጠየቁ።

ጸሐፊዋ ልጅቷን እንድትጠራ ተላከች።

ፈጠነች ከልምምድ ሜዳ ተጠርታ፣ ላቧን በሹራቧ እየጠረገች ገባች። ለሽልማት የተጠራች መስሏት ፈገግ ብላ ነበር። የአባላቱን ፊት ስታይ ፈገግታዋ ጠፋ። ሲስተር ሳቢራ አጠገባቸው አስቀምጠው ነገሩን ቀስ ብለው ነገሯት። ልጅቷ ጣሳውን አየች፣ አሰልጣኙን አየች፣ ከዚያ አንገቷን ደፋች።

"ኮች፣ እንዳትቀየመኝ" አለች።

"እኔ ነኝ የበደልኩሽ" አሉ አሰልጣኙ።

"አልጠጣሁትም።"

አሰልጣኙ ጠዋት ጠዋት በገዛ እጃቸው በጥብጠው በኮዳ ይሰጧት እንደነበር አስታወሱ።

"ሳሙና ሳሙና ይለኛል። አልፈልግም እንዳልልህ ደግሞ አንተ እንደዚያ ደስ ብሎህ ስትሰጠኝ አሳዘንከኝ። ኮዳውን ይዤ ቤት እሄድ ነበር።"

አሰልጣኙ ጣሳውን አንስተው ተመለከቱት። ከዚያም፣ "ታዲያ አረካ ላይ በምን አሸነፍሽ?" ብለው ጠየቁ።

"በእግሬ ነዋ ኮች! ዳገቱን ስንት ጊዜ አስወጣኸኝ!"

አሰልጣኝ ዳልጮ ለጥቂት ደቂቃ ፈቃድ ጠይቀው ወጡ። ፊታቸውን ታጥበው ተመለሱ። የግምጃ ቤቱ አቧራ ዓይናቸው ውስጥ መግባቱን አስረድተዋል።

አጀንዳ ሦስት፦ አስቀድሞ ያልተያዘ

ሰብሳቢው ጉዳዩ በሰላም ስላለቀ ደስታቸውን ገልጸው ስብሰባውን ሊዘጉ ሲሉ፣ ወ/ሮ ዓመለወርቅ ለመረጃ ያህል ብቻ ዱቄቱ የት እንደተደፋ ጠየቁ።

ፈጠነች አለመደፋቱን ተናገረች። የምትኖረው ኦቶና አካባቢ አጎቷ ዘንድ ሲሆን፣ አጎቷ በሬ ያደልባሉ። የሰው ጉልበት የሚጨምር ነገር የበሬም ይጨምራል ብለው በውኃው ላይ ያደርጉለት ነበር። በሬውም ወደደው።

"የትኛው በሬ?" አሉ ወ/ሮ ዓመለወርቅ።

"ዳለቻው።"

ወ/ሮ ዓመለወርቅ ወንበራቸውን ያዙ። ለአረካው ድል በዓል ከአጎቷ በሬውን የገዙት እሳቸው ነበሩ። ሻጩ እንዲህ ያለ ሰንጋ በዕድሜያቸው አድልበው እንደማያውቁ ሲምሉላቸው እሳቸውም ማመናቸውን፣ በሬው ከመኪና ሲወርድ ገመድ በጥሶ በሩን ይዞ መሄዱን አሁን እንዳስታወሱ ተናገሩ። በዚያ በዓል የኮሚቴው አባላት ቁርጡን በዳጣ የበሉ ሲሆን፣ ሻኛው ለሰብሳቢው ቀርቦ ነበር።

ሰብሳቢው ነገሩ ሰውነት ውስጥ ምን ያህል እንደሚቆይ ሲስተር ሳቢራን ጠየቁ። ሲስተሯ "በበሬው ነው በእርስዎ?" አሉ። ሰብሳቢው በዓሉ ካለፈ ወዲህ ደረጃ ሲወጡ እንደማይደክማቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ይፋ አደረጉ። ወ/ሮ ዓመለወርቅም ባለፈው ሳምንት የማገዶውን እንጨት ብቻቸውን እንዳወረዱ ተናገሩ። ሁለቱም ይህ የተነገረው ተደናግጠው ሳሉ በመሆኑ ልዩ ትርጉም እንዳይሰጠው አሳሰቡ።

ሲስተር ሳቢራ ፈጠነችን ከሥጋው በልታ እንደሆነ ጠየቋት።

"እኔ? ጠዋት ማታ ውኃ ያጠጣሁትን በሬ?" አለች ፈጠነች። "እንዴት አድርጌ እበላዋለሁ! ጎመኑን በልቼ ሄድኩ።"

ሰብሳቢው ተነስተው ጨበጧት።

በመቀጠል ወ/ሮ ዓመለወርቅ የኮሚቴው አባላት ምርመራ ይደረግባቸው እንደሆነ በጭንቀት ጠየቁ። ሲስተር ሳቢራ የሚመረመረው የሚሮጥ ሰው ብቻ መሆኑን ገለጹ። ሰብሳቢው ይህ ሁለት ጊዜ እንዲመዘገብ አዘዙ። የሚመረመረው የሚሮጥ ሰው ብቻ ነው። ከረጅም ውይይት በኋላ የኮሚቴው አባላት አርባ ምንጭ ላይ በማንኛውም ምክንያት፣ ዝናብ ቢመጣም ቢሆን፣ እንዳይሮጡ ተወሰነ።

ሲስተር ሳቢራ ልጅቷ የተረፈችው በሳሙና ጣዕም እንጂ በማንም ጥንቃቄ አለመሆኑን ተናገሩ። አሰልጣኙ በአትሌቶቹ ሁሉ ፊት ቆመው ያደረጉትን እንዲናገሩ፣ ከዚህ በኋላም ክሊኒኩ ሳያየው ለማንም አንዳች ነገር እንዳይሰጥ ጠየቁ። አሰልጣኝ ዳልጮ "ይህ ውሳኔ አያስፈልገውም። ነገ ጠዋት ሜዳ ላይ እነግራቸዋለሁ" አሉ። ፈጠነች ሰውነቷ ሳይቀዘቅዝ ልምምዷን መጨረስ እንዳለባት ገልጻ ፈቃድ ጠየቀች፤ አሰልጣኙም ሰዓታቸውን ይዘው ተከትለዋት ወጡ። መታገዳቸውን ያስታወሰ አልነበረም።

የማጠቃለያ ውሳኔ

ሰብሳቢው የዕለቱን ውሳኔዎች መለስ ብለው ተመለከቱ። ዳጣ ከተከለከለ ተማሪው ለምን ብሎ ይጠይቃል። አሰልጣኙ ከታገዱ ሰው ሁሉ ለምን ይላል። እግሯ ወለም ካለው ማን ይሮጣል? አባላቱ እንዳይሮጡ የሚለው ውሳኔ ደግሞ የበሬውን ነገር ያወጣዋል። ስለሆነም ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር፣ ዳጣው ወደ ምግብ ቤቱ፣ አሰልጣኙ ወደ ሥራቸው፣ እግሩም ወደ ጤንነቱ እንዲመለስ፣ ስብሰባውም እንዳልተካሄደ እንዲቆጠር በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ጸሐፊዋ ያልተካሄደ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቀች። ሰብሳቢው ጥቂት አስበው፣ "አጭር አድርጊው" አሏት።

ስብሰባው ከቀኑ 11፡30 ላይ ተበተነ። ከዚህ በላይ ማሳጠር አልተቻለም።

ትህትና፣ ጸሐፊ