አንድ ለእናቱ የቀረችው ሲጋር

እናንተዬ፣ መርካቶ ውስጥ ዕቃ የሚያሞግስ ሰው አይገዛም። ገዢ ማለት የሚያጣጥል ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ሰባተኛ ሰፈር ምን ይሠራል?

ባለፈው ቅዳሜ ሰይድ ሱቅ ስገባ፣ ከርካሹ ሲጋር አንድ ለእናቱ ቀርታለች። እሷን ብዬ ነው የመጣሁት። የበርበሬ ነጋዴው ጋሽ ታደሰ ግን ቀድመውኝ ይዘዋታል።

«ይሄ ሲጋር ነው የጎመን ቅጠል?» አሉ፣ እንደ በርበሬያቸው እያሸተቱ። «ሽታው የተቃጠለ ጎማ!»

በልቤ «አለቀልኝ፣ ወደዋታል!» አልኩ።

«ጋሼ፣ ዋጋዋ ያው ነው» አለ ሰይድ።

«ለዚህ ጠማማ?» ብለው ባንኮኒው ላይ ጣሏትና፣ ሰይድ መልሶ እንዲጠራቸው ሦስት እርምጃ ራቅ አሉ።

ማን ይጠራቸዋል? እኔ የተባለውን ከፍዬ እዚያው ደጃፉ ላይ ለኮስኳት። ወይ ጣዕም! መጀመሪያ ቆዳ ቆዳ፣ ቀጥሎ የተቆላ ኦቾሎኒ፣ ከዚያ ድል ድል አለኝ!

ጋሼ ዞር ሲሉ አዩኝ። «እንዴ! ልገዛት እኮ ነበር!»

«ጎማ እንዳያጨሱ ብዬ ነው፣ ለጤናዎ አስቤ!»

ጭሱን በአፍንጫቸው ተከተሉት። «እስቲ አንዴ ልሳባት።»

ሰጠኋቸው። በረጅሙ ሳቡ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ፣ ከእሳቸው አፍ ሰምቼው የማላውቀውን ቃልም አወጡ፦

«ትጥማለች!»