አያ ታሂር እና የውሃው ጉልበት

ወንዝ በሚወርድበት አገር ሁሉ፣ ስለ ውሃ ከአላህ ቀጥሎ አውቃለሁ የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ከሮቢት ከተማ በላይ ባለችው ቀበሌ ይህን ሹመት የያዙት አያ ታሂር ናቸው። የመስኖ ተራ የሚያከፋፍሉ የውሃ ዳኛ ሲሆኑ ፍርዳቸው ይግባኝ የለውም። ውሃ ሲመረምሩ በእፍኛቸው ይጨልፉና ተጉመጥምጠው ይተፉታል። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው "ትናንት ተራራው ላይ ዘንቧል" ይላሉ። ካልዘነበም የተሳሳተው ተራራው ነው።

መይሙና ከእኚህ ክቡር ዳኛ ጋር የተጣላችው በወፍጮዋ ምክንያት ነው። ከወንዙ ራስጌ ትንሽ የውሃ ኃይል ማመንጫ ተተከለ፤ ውሃው በቧንቧ ወርዶ ተርባይኑን ያዞርና ተመልሶ ወደ መስኖው ቦይ ይገባል። መይሙናም ናፍጣ በጠፋ ቁጥር የሚቆመውን የናፍጣ ወፍጮዋን ከላሞቿ ጋር ሸጣ የኤሌክትሪክ ወፍጮ ተከለች። ደስታዋ ሳምንት ሳይሞላው አያ ታሂር ከማመንጫው የወጣውን ውሃ ተጉመጠመጡና ፊታቸውን አጨማደዱ።

"ጉልበቱን መጥጠውታል" አሉ። "መብራቱ ከየት የመጣ መሰላችሁ? ይሄ ገለባ ውሃ ነው፤ ሽንኩርት አያሳድግም።"

ወሬው ጎብዬ ገበያ ደረሰ። ሽንኩርቱ የቀጨጨበት ሁሉ፣ ማሳውን ያላረመው ጭምር፣ በተርባይኑ አሳበበ። የማመንጫው ባለሙያ ፍሬሰላም ውሃው ገፍቶ ብቻ እንደሚያልፍ፣ ምንም እንደማይጎድልበት አስረዳ። አያ ታሂር በትዕግሥት ሰሙትና "ልጄ፣ አንተ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ስትገፋ ብትውል ማታ ጉልበትህ አይጎድልም?" አሉት።

በጋው ሲከር ገበሬዎቹ ማመንጫው ይዘጋ አይዘጋ ሊወስኑ ስብሰባ ጠሩ። የሚሰማው የአያ ታሂር ቃል እንደሆነ መይሙና ታውቃለች። ከተዘጋ ላሞቿም የሉ፣ ወፍጮዋም የለ። የሰፈሩ ሴቶች ደግሞ ናፍጣ ሲጠፋ ያደርጉ እንደነበረው ማሽላቸውን አዝለው ሮቢት ሊወርዱ ነው።

በዋዜማው አያ ታሂር ለምርመራ ወፍጮ ቤት መጡ። ጥግ ይዘው ሴቶቹ ሲገቡና ሲወጡ ሲያዩ ዋሉ። አንዲት ነፍሰ ጡር ማሽላዋን አስፈጭታ እዚያው ማዶ ወዳለው ቤቷ ስትገባ በዓይናቸው ሸኟት። ፍርዳቸውን ለነገ አቆይተው ወጡ፤ መይሙናን ያስፈራትም ይሄው ነው።

በስብሰባው ተነሡ። "እኔ ያልኩት ልክ ነው። የውሃውን ጉልበት ወስደውታል" ብለው ሲጀምሩ መይሙና ልትከራከር እጇን አወጣች።

"የት እንዳደረሱት ግን አየሁ። ለሴቶቻችን ወገብ ነው የሰጡት። እናቴ እኮ በዚያ መንገድ እህል ስትሸከም ጎብጣ ነው የሞተችው። ሽንኩርቱ ቢያንስም ይነስ። ማመንጫው ይቆይ፤ ሀላል ብያለሁ።"

መይሙና ሳምንቱን ሙሉ ስታዘጋጀው የሰነበተችውን ክርክር ተወችው። "አላህ ዕድሜ ይስጥልን፣ አያ" አለች፤ ከልቧ ነው።

ባለፈው አንድ የቆቦ ነጋዴ ወፍጮ ቤቱ ደጅ ላይ ቆሞ "ውሃ ደግሞ ምን ጉልበት አለውና ነው የሚወሰደው?" እያለ በአያ ታሂር ሲስቅ ሰማችው። መይሙና ወፍጮውን አቁማ ወጣች።

"ወስደናል" አለችው። "እሳቸው ናቸው ፈቅደው የሰጡን።"